ብረቱ ጤነኛ፣ አእምሮው የሞተ፦ አሮጌ ሲኤንሲ ፍሬዛን ቤት ውስጥ በአዲስ መቆጣጠሪያ ማስነሳት

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራ ሲኤንሲ ፍሬዛ፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚታዘዝ የብረት መቁረጫ ማሽን፣ በርካሽ ሲሸጥ ዋጋውን የጣለው ብዙውን ጊዜ የብረቱ እርጅና አይደለም። ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝነው የካስት አይረን አካል ዛሬም ቀጥ ብሎ ይቆርጣል። የሞተው ከጀርባው ያለው ካቢኔት ነው። ስክሪኑ ጠቁሯል፤ የማሽኑን መለኪያዎች የያዘው ሜሞሪ ባትሪው ሲያልቅ አብሮ ጠፍቷል፤ የኤሌክትሮኒክስ ካርዱ መለዋወጫ ከገበያ ከወጣ ቆይቷል። እንዲህ ያለውን ማሽን ጋራዥ ወይም ግቢ ውስጥ ሆኖ ማስነሳት ይቻላል። ሥራው ግን ቅደም ተከተል አለው፣ ቅደም ተከተሉን የዘለለ ሰው ደግሞ ወይ ድራይቭ የሚባለውን፣ ለሞተሩ ኃይል የሚሰጠውን ኤሌክትሮኒክስ ያቃጥላል ወይ ጣቱን ይጎዳል። ከታች ያለው ሁሉ በሁለት ደንቦች ላይ የቆመ ነው። የሚሠራውን አይቀይሩ፤ የቀየሩትን ደግሞ ለብቻው ሳይፈትኑ ከሌላው ጋር አያገናኙ።

አሮጌው ማሽን እንዴት ያስባል

አንድን ሲኤንሲ ከፍተው ሲያዩት የሽቦው ብዛት ያስፈራል። ሐሳቡ ግን ቀላል ነው። እያንዳንዱ አቅጣጫ፣ ማለትም ኤክስ፣ ዋይ እና ዜድ፣ የራሱ ሞተር አለው። ሞተሩ ቦል ስክሩ የሚባለውን፣ በትንንሽ የብረት ኳሶች ላይ የሚንከባለለውን ጠመዝማዛ ዘንግ ያዞራል፤ ዘንጉ ጠረጴዛውን ይገፋል። በሞተሩ ጀርባ ሁለት መለኪያዎች ይኖራሉ። ታኮ የሚባለው ፍጥነትን በቮልት ይናገራል፤ ኢንኮደር የሚባለው የተጓዘውን ርቀት እየቆጠረ ይናገራል።

ውሳኔውም በሁለት እርከን ነው። ድራይቩ ከመቆጣጠሪያው ከ−10 እስከ +10 ቮልት የሆነ ትእዛዝ ይቀበልና ታኮውን እያየ ሞተሩን በታዘዘው ፍጥነት ያዞራል። የት እንዳለ አያውቅም፣ ማወቅም አይጠበቅበትም። ቦታውን የሚያውቀው መቆጣጠሪያው ነው። ኢንኮደሩን ያነባል፣ መድረስ ከሚገባው ቦታ ጋር ያወዳድራል፣ ልዩነቱን አይቶ ቮልቱን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ ይህን በሰከንድ 1000 ጊዜ ያህል ይደጋግማል። እድሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። የ10 ቮልቱ ትእዛዝ የማንም ፋብሪካ ምስጢር አይደለም፤ አርባ ዓመት ያለፈው ድራይቭም ዛሬ ከተገዛ ካርድ ጋር በዚያው ቋንቋ ይነጋገራል። ስለዚህ ድራይቩና ሞተሩ በሕይወት ካሉ የሚቀየረው የላይኛው እርከን ብቻ ነው።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ብረቱ ይለካ

ብዙ ሰው ካርድ በመግዛት ይጀምራል። ስህተት ነው። የተበላ ቦል ስክሩ ያለው ማሽን የትኛውም መቆጣጠሪያ አያድነውም፤ የአንድ ስክሩ ዋጋ ደግሞ ከመቆጣጠሪያው ሁሉ ሊበልጥ ይችላል።

ባለ 0.01 ሚሊሜትር ዳያል ኢንዲኬተር፣ ማለትም ትንሽ እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ፣ በማግኔት መያዣ መቁረጫውን በሚያዞረው ስፒንድል ላይ ይሰኩና ጫፉን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፉ። ስክሩውን በእጅ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዙሩ፣ ኢንዲኬተሩን ዜሮ ያድርጉ፣ ከዚያ ወደ ኋላ እያዞሩ መርፌው እስኪነቃነቅ ድረስ ስክሩው ምን ያህል በከንቱ እንደዞረ ይዩ። በርቀት ተሰልቶ እስከ 0.02 ሚሊሜትር ከሆነ ደህና ነው። 0.1 ከሆነም ስክሩው ሞቷል ብለው አይደምድሙ። ሁለተኛ ኢንዲኬተር በስክሩው ጫፍ ላይ አስደግፈው ጠረጴዛውን በእጅ ገፋ ሳብ ያድርጉ። ስክሩው ራሱ ወደፊትና ወደኋላ ከተንቀሳቀሰ ጥፋቱ ጫፉን የያዘው ኩሽኔታ ወይም የላላ መቆለፊያ ዳዶው ነው። ይህ በርካሽ የሚታረም ችግር ነው፣ ከሚታሰበውም በላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እሱ ነው። ልኬቱን በጉዞው መሃልና በሁለቱም ጫፍ ይድገሙት፤ ማሽን የሚበላው ሞርሳው ዘወትር በሚታሰርበት በመሃሉ ነው። በሐዲዱ ጎን የገባውን ማጥበቂያ ሽብልቅ መሃል ላይ ልክ እስኪሆን ካጠበቁት ጫፍ ላይ ይነክሳል፤ ስለዚህ ጫፍ ላይ በነፃነት እስኪሄድ ብቻ ያጥብቁ፣ የመሃሉን ትንሽ ልቅነት ይቀበሉት።

የዘይት መስመሮቹንም ይፈትሹ። ፓምፑን ገፍተው ዘይቱ በእያንዳንዱ ሐዲድ ላይ መውጣቱን በዓይን ይዩ። ለዓመታት ቆሞ የነበረ ማሽን ዘይቱ እንደ ሙጫ ይደርቅና መጠን የሚቆጥሩትን ትንንሽ ቫልቮች ይዘጋል። ያለ ዘይት በሰዓታት ውስጥ የሚበላው ሐዲድ ያለ ግራይንደር ማሽንና ያለ እጅ ፋቂ አይታረምም፤ ለዚህ ነው ዘይቱ ከኤሌክትሮኒክሱ የሚቀድመው።

አሮጌው መቆጣጠሪያ አሁንም ሕይወት ካለው፣ ከመንቀሉ በፊት መለኪያዎቹን ከስክሪኑ ላይ ፎቶ ያንሱ፦ የኢንኮደር መጠን፣ የስክሩው ርምጃ (በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት)፣ የመጨረሻ ፍጥነት፣ የመሣሪያ መቀየሪያ ቦታ። የሜሞሪ ባትሪ መቀየር ካስፈለገ ማሽኑ እንደበራ ይቀየር፤ ከጠፋ በኋላ ባትሪውን ማውጣት መረጃውን መጣል ነው።

ሞተር፣ ድራይቭ፣ ኢንኮደር

ባለ ካርቦን ዲሲ ሞተርን መፈተን ቀላል ነው። ከስክሩው ይለዩት፣ ከድራይቩም ይንቀሉት፣ ከዚያ በፊውዝ አድርገው 12 ቮልት የመኪና ባትሪ ያገናኙት። በእርጋታና እኩል ፍጥነት መዞር አለበት። እየተንገጫገጨ ከዞረ ካርቦኑ አልቋል ወይም ካርቦኑ የሚነካው የመዳብ ቀለበት፣ ኮሙቴተሩ፣ ቆሽሿል። በሚዞርበት ጊዜ የታኮውን ሁለት ሽቦ በቴስተር ይለኩ፤ ቮልቱ ጸጥ ያለ፣ ሞተሩ ሲገለበጥ ደግሞ ምልክቱ የሚገለበጥ መሆን አለበት። ቀጥሎ ኢንኮደሩንና ታኮውን ነቅለው ሜገር በሚባለው የ500 ቮልት የሽቦ ልባስ መፈተኛ የሞተሩን ሽቦ ከአካሉ ጋር ይለኩ። ከ1 ሜጋኦም በታች ካነበበ ውስጡ የካርቦን ዱቄት አለ። ካርቦኖቹን አውጥተው በደረቅ አየር ይንፉትና እንደገና ይለኩ፤ ብዙውን ጊዜ ንባቡ ወዲያው ይሻሻላል። ሮተሩን ግን ከውስጡ አያውጡት። አንዳንድ የዚያ ዘመን ሞተሮች ማግኔታቸው አልኒኮ ነው፤ ሮተሩ ሲወጣ የማግኔቱ ኃይል ይወርዳል፣ መልሰው ቢገጥሙትም አይመለስም፣ ሞተሩም ያለ ወትሮው ይሞቃል፣ ይደክማል።

የኢንኮደሩን ዓይነት አስቀድሞ ማወቅ የተሳሳተ ካርድ ከመግዛት ያድናል። አብዛኞቹ 5 ቮልት ይወስዱና ኤ፣ ቢ እና በአንድ ዙር አንዴ ብቻ የሚመጣውን ዜድ የተባለ ምልክት ይሰጣሉ። እያንዳንዱ ምልክት ከነተቃራኒው በጥንድ ሽቦ የሚመጣ ከሆነ ጥሩ ነው፤ የሚረብሽ ኤሌክትሪክ ሁለቱን እኩል ስለሚነካ ካርዱ ልዩነቱን ብቻ አንብቦ ረብሻውን ይጥለዋል። በነጠላ ሽቦ የሚመጣ ከሆነ በካርዱ ላይ ያለውን ጃምፐር መቀየር ያስፈልጋል። የሃይደንሃይን የመስታወት መለኪያ የተገጠመላቸው ማሽኖች ግን ብዙዎቹ የሚያወጡት እንደ ማዕበል የሚወጣና የሚወርድ በጣም ደካማ ከረንት ነው፤ ያን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ትንሽ ሳጥን አሮጌው ካቢኔት ውስጥ ካለ እንደ ዓይን ብሌን ይጠብቁት። ኢንኮደር ሳይሆን ሪዞልቨር የሚባል፣ ውስጡ የመዳብ ጥቅል ብቻ ያለው መለኪያ ካጋጠመዎት ደግሞ ወይ በኢንኮደር ይተኩት ወይ ሪዞልቨር የሚያነብ ካርድ ይግዙ።

ድራይቩ ከሞተስ? ያኔ ሞተሩንም ድራይቩንም አብሮ መቀየር ይሻላል። ለአሮጌ ሞተር አዲስ ዲሲ ድራይቭ ፍለጋ መንከራተት ከ750 ዋት እስከ 1 ኪሎዋት የሚደርስ አዲስ ኤሲ ሰርቮ ከነድራይቩ ከመግዛት ብዙም አይረክስም፤ አዲሱም ካርቦን የለውም። ስቴፐር ሞተር ለትልቅ ማሽን አንመክርም። ፍጥነቱ ሲጨምር ጉልበቱ ይወርዳል፤ ከባድ ጠረጴዛ ሲገፋ ርምጃ ቢዘልል ደግሞ መቆጣጠሪያው ሳያውቅ ሥራውን ያበላሻል።

አዲሱ አእምሮ

ለዚህ ሥራ ምርጫችን ሊነክስሲኤንሲ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኢኤምሲ በሚል ስም የተጀመረ፣ በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። ከሌሎቹ የምንመርጥበት ምክንያት ነፃ መሆኑ ብቻ አይደለም። ማክ3ን የመሳሰሉት ርምጃ እየቆጠሩ ይልካሉ እንጂ ኢንኮደሩን አንብበው የቦታውን ስሌት ራሳቸው አይዘጉም፤ ጂአርቢኤል ደግሞ ለትንንሽ ማሽኖች የተሠራ ነው። ሊነክስሲኤንሲ የ10 ቮልቱን ትእዛዝ የሚሰጥ ካርድ ሲያገኝ የድሮውን መቆጣጠሪያ ሙሉ ሥራ ይረከባል።

ካርዱ ሜሳ የሚባለው ኩባንያ ሥራ ቢሆን ጥሩ ነው። 7አይ97ቲ የሚባለው 6 የአናሎግ ትእዛዝ መውጫ፣ 6 የኢንኮደር መግቢያ፣ 16 የማብሪያና የሊሚት መግቢያ፣ 6 መውጫ አለው፤ ለሦስት አቅጣጫና ለስፒንድል ይበቃል። አዲስ ሰርቮ በርምጃና በአቅጣጫ ምልክት የሚታዘዝ ከገዙ 7አይ76ኢ ይሆናል፤ ለሪዞልቨር ደግሞ 7አይ49 አለ፣ እሱ ግን ብቻውን ስለማይሠራ የሚያዘው ሌላ ዋና ካርድ ይፈልጋል።

ኮምፒውተሩ አዲስ መሆን የለበትም። የሚፈለገው ፈጣን ሳይሆን ሰዓት አክባሪ ነው። ሶፍትዌሩን ከጫኑ በኋላ የመዘግየት መፈተኛውን ያስነሱ፣ ቪዲዮ ይክፈቱ፣ መስኮቶችን ይጎትቱ፣ ፋይል ይቅዱ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። በኔትወርክ ገመድ ለሚሠራ የሜሳ ካርድ ትልቁ መዘግየት 100 ማይክሮሰከንድ አካባቢ ከሆነ ደህና ነው። እጅግ ከበዛ ወደ ባዮስ ገብተው ኃይል ቆጣቢውን ሁሉ ያጥፉ፤ ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት አይሆንም። ካርዱና ኮምፒውተሩ በአንድ ገመድ በቀጥታ ይገናኙ፣ በመሃል ራውተር አይግባ። በካርዱ ጃምፐር 10.10.10.10 የሚለውን አድራሻ መርጠው ለኮምፒውተሩ 10.10.10.1 መስጠት ይበቃል። የኢንቴል የኔትወርክ ቺፕ ያለው ኮምፒውተር ከሪልቴኩ ያነሰ ችግር ይፈጥራል።

ኤሌክትሪኩ፦ እዚህ ላይ ቸኩሎ የተጠቀመ የለም

መጀመሪያ ሁሉንም ፎቶ ያንሱ፤ እያንዳንዱን ሽቦ ከመንቀልዎ በፊት በሁለቱም ጫፍ ቁጥር ይለጥፉበት። አሮጌውን መቆጣጠሪያ ሲያወጡ ኮንታክተሮቹን (ትልቅ ኃይል የሚያበሩና የሚያጠፉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ማብሪያዎች)፣ ትራንስፎርመሩን፣ የፍሬኑን መስመር ይተዉ። ካቢኔቱን ሙልጭ አድርጎ ባዶ ማስቀረት ያምራል፣ ነገር ግን የሚሠራውን መስመር ያጠፋል።

ኢመርጀንሲ ቁልፉ በኮምፒውተር በኩል አይለፍ። ይህን ማንም እንዲያላላው አንፈልግም። ቁልፉ በመደበኛው ጊዜ ዝግ የሆነ ኮንታክት ይኑረው፤ ከሱ ጋር በተከታታይ የጉዞ መጨረሻ ሊሚቶቹ፣ የድራይቮቹ የብልሽት ሪሌይ እና የካርዱ ፈቃድ ሪሌይ ይታሰሩ፤ ሰንሰለቱ የድራይቮቹን ዋና ኮንታክተር ይያዝ። ማንኛውም አንዱ ሲከፈት፣ ወይም ሽቦ ሲበጠስ፣ ኮንታክተሩ ይወድቃል። ኮምፒውተሩ መውደቁን ይነገረዋል እንጂ ፈቃድ አይጠየቅም። የሜሳ ካርድ የራሱ ጠባቂ ሰዓት አለው፤ ከኮምፒውተሩ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ምልክት ካጣ መውጫዎቹን ሁሉ ስለሚያጠፋ፣ ሶፍትዌሩ ቢደርቅም የፈቃድ ሪሌዩ ይለቅና ማሽኑ ይቆማል።

ኮንታክተሩ በማስነሻ ቁልፍ ተጭኖ ራሱን የሚይዝ ይሁን። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ መነሳት የለበትም፤ መብራት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሄዶ በሚመጣበት አካባቢ ይህ አደጋ በየቀኑ ያለ ነው። ለኮምፒውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ ይስጡት፤ ጥቅሙ ሥራውን ማስቀጠል ሳይሆን ዲስኩን ማዳንና የት እንደቆመ ማወቅ ነው።

የዜድ ፍሬን የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። ስፒንድሉን የተሸከመው ራስ ከባድ ነው፤ ሞተሩ ጉልበት ሲያጣ ይወርዳል። ስለዚህ ሲነሳ ድራይቩ መጀመሪያ ይያዝ፣ ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ ቆይቶ ፍሬኑ ይለቅ፤ ሲቆም ፍሬኑ መጀመሪያ ይያዝ፣ ከዚያ ድራይቩ ይለቅ። በኢመርጀንሲ ጊዜ ግን ሁለቱም አንድ ላይ ኃይል ያጣሉ፣ ራሱም ትንሽ ሊወርድ ይችላል፤ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ከወረደ የተለመደ ነው፣ ከዚያ በላይ ከሄደ ፍሬኑ ተበልቷል። በመጀመሪያው ቀን ከራሱ ሥር ወፍራም ግንድ አስቀምጠው ይሥሩ።

ኃይሉን በተመለከተ፣ የፋብሪካ ማሽን ሦስት ፌዝ ይጠይቃል፤ ቤት ያለው ደግሞ ነጠላ ፌዝ ነው፦ በኢትዮጵያ 220 ቮልት በ50 ኸርዝ፣ በአሜሪካ 240 ቮልት በ60 ኸርዝ። ለስፒንድሉ መፍትሔው ኢንቨርተር ነው፤ ነጠላ ፌዝ ተቀብሎ ሦስት ፌዝ ይሰጣል፣ እስከ 2.2 ኪሎዋት ያለው በቀላሉ ይገኛል። የሞተሩን ሰሌዳ ያንብቡ፦ 220/380 የሚል ከሆነ በተርሚናል ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ሦስት መዳቦች ከስታር ወደ ዴልታ አስተሳሰር መቀየር ይበቃል። ከአሜሪካ የመጣ የ60 ኸርዝ ሞተርን በቀጥታ ወደ 50 ኸርዝ ማስገባት ፍጥነቱን በስድስት አንድ እጅ ይቀንሳል፣ ቮልቱ ካልወረደም ያሞቀዋል፤ ኢንቨርተሩ ሁለቱንም ያስተካክላል። በኢንቨርተሩና በሞተሩ መካከል ግን የድሮዎቹን ወደፊትና ወደኋላ የሚያዞሩ ኮንታክተሮች አይተዉ፤ ሞተሩ እየዞረ ኮንታክተር ሲከፈት የኢንቨርተሩ ትራንዚስተር ይፈነዳል።

የሰርቮዎቹ ትራንስፎርመር ሌላ ጉዳይ ነው። ኢንቨርተር ትራንስፎርመርን ለመመገብ አልተሠራም፣ ያቃጥለዋል። በሁለት ፌዝ ብቻ የሚሠራ ከሆነ መግቢያውን ለነጠላ ፌዝ ያስተካክሉት፤ ሦስት ፌዝ ከሆነ በነጠላ ፌዝ ትራንስፎርመር፣ በሬክቲፋየርና በትልቅ ካፓሲተር ይተኩት። ካፓሲተሩን ማጥፋት ማለት ባዶ ማድረግ አይደለም። 220 ቮልት የገባበት ኢንቨርተር ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ ዲሲ ተቀምጧል፤ አጥፍተው 10 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያም በቴስተር ለክተው ብቻ ይንኩ።

ረብሻን ለመከላከል የኢንቨርተሩ የሞተር ገመድ መሸፈኛ ያለው ይሁን፣ መሸፈኛው በሁለቱም ጫፍ መሬት ይታሰር፤ የኢንኮደርና የ10 ቮልቱ ገመድ መሸፈኛ በካቢኔቱ በኩል ብቻ ይታሰር። ሁለቱ ገመዶች ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር ይራራቁ፣ መገናኘት ግድ ከሆነም በመስቀል ይተላለፉ። በእያንዳንዱ የዲሲ ሪሌይና ፍሬን ጥቅል ላይ በግልባጭ የተገጠመ ዳዮድ ይኑር። እንዲህ ያለ ርካሽ ዕቃ ሲጎድል ማሽኑ ምክንያቱ በማይታወቅ ሁኔታ እየቆመ ሳምንታት ይበላል።

የመጀመሪያው ኃይልና ሽሽት

በዚህ ሥራ ውስጥ በጣም አስፈሪው ቅጽበት ሞተር ሲሸሽ ነው። መንስኤው ምልክት መገልበጥ ነው፤ የሚገለበጥበትም ሁለት ቦታ አለ። ታኮው ከተገለበጠ ድራይቩ ሞተሩ ወደ ኋላ እየሄደ መስሎት ይበልጥ ይገፋዋል፤ 0 ቮልት ታዝዞም በሙሉ ፍጥነት ይሮጣል። ኢንኮደሩ ከተገለበጠ ደግሞ ድራይቩ ጤነኛ ነው፣ የሚሳሳተው ሊነክስሲኤንሲ ነው፤ ማሽኑ ጸጥ ብሎ ይነሳና ትንሽ ሲነቃነቅ ይፈነጠራል። ስለዚህ አንድ በአንድ ይሂዱ።

ቺንጋውን አውልቀው ሞተሩን ከስክሩው ይለዩት። መቆጣጠሪያውን ሳያገናኙ የድራይቩን ሁለት የትእዛዝ መግቢያዎች እርስ በርስ አገናኝተው 0 ቮልት ይስጡትና ያስነሱት። ከሸሸ አጥፍተው የታኮውን ሁለት ሽቦ ይለዋውጡ። በዝግታ ከተሳበ ድራይቩ ላይ ያለውን የዜሮ ማስተካከያ ቪስ እስኪቆም ያዙሩ። ከዚያ በ9 ቮልት ባትሪና በፖቴንሽዮሜትር ግማሽ ቮልት ይስጡት፣ በእርጋታ መዞር አለበት። ይህ ሲያልቅ ብቻ ካርዱን ያገናኙ። ሞተሩን በእጅ እያዞሩ ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ጠረጴዛው በሚፈለገው አቅጣጫ ሲሄድ መጨመሩን ያረጋግጡ፤ ካልሆነ የመጠኑን ቁጥር ኔጌቲቭ ያድርጉት። ከዚያ ከሶፍትዌሩ +0.5 ቮልት ይላኩ፤ ቁጥሩ ከጨመረ ትክክል ነው፣ ከቀነሰ የአናሎጉን መውጫ ምልክት ይቀይሩ። አሁን ብቻ የቦታ ስሌቱን ማብራት ይቻላል።

ቁጥሮቹን ማስላት

በአንድ ምሳሌ እንሂድ። ኢንኮደሩ በአንድ ዙር 1000 መስመር አለው፤ ካርዱ እያንዳንዱን መስመር አራት ጊዜ ስለሚቆጥር 4000 ይሆናል። ቺንጋው 2 ለ 1 ነው፣ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ስክሩው አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ስለዚህ በስክሩው አንድ ዙር 8000። የስክሩው ርምጃ 5 ሚሊሜትር ከሆነ 8000 ለ 5 ሲካፈል በሚሊሜትር 1600 ይመጣል። የኢንኮደሩ መጠን ይህ ነው።

ድራይቩ በ10 ቮልት ሞተሩን በደቂቃ 2000 ዙር የሚያዞር ከሆነ ስክሩው 1000 ዙር፣ ጠረጴዛው በደቂቃ 5000 ሚሊሜትር፣ በሰከንድ 83.3 ሚሊሜትር ይሄዳል። በመውጫው መጠን ላይ 10 ቮልት ማለት 83.3 ነው ብለው ይጻፉ። ይህን ማድረግ የሚጠቅመው ከዚህ በኋላ የማስተካከያ ቁጥሮቹ ሁሉ በሚሊሜትርና በሰከንድ ስለሚነበቡ ነው። ብዙ ሰው ይህን ዘልሎ ትርጉም በሌላቸው ቁጥሮች ለቀናት ይታገላል።

ቀጥሎ ማስተካከያው። ፒ የሚባለው ስህተትን ወደ ፍጥነት የሚቀይር ነው፦ ፒ 25 ከሆነ በ1 ሚሊሜትር ስህተት በሰከንድ 25 ሚሊሜትር ይታዘዛል። በሰከንድ 50 ሚሊሜትር ለመሄድ እንግዲህ 2 ሚሊሜትር ወደ ኋላ መቅረት አለበት ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ማዕዘንን ያደበዝዛል። መድኃኒቱ ኤፍኤፍ1 ነው፤ 1 ሲደረግ የታቀደው ፍጥነት በቀጥታ ለድራይቩ ይነገረዋል፣ ለፒ የሚቀረው ጥቂቱን ማረም ብቻ ይሆናል። ፒን ከ5 ይጀምሩ፣ ሞተሩ እስኪያጉረመርም ያሳድጉ፣ ከዚያ በሦስት አንድ እጅ ይቀንሱ፤ በዚህ መጠን ባለ ማሽን ከ20 እስከ 50 የተለመደ ነው። ዲ የሚባለውን፣ ስህተቱ በሚለወጥበት ፍጥነት የሚሠራውን ቁጥር፣ ዜሮ ይተዉት፣ የሱን ሥራ ታኮው ይሠራል። አይ የሚባለውን፣ የተጠራቀመውን ስህተት የሚያርመውን ቁጥር፣ በመጨረሻ፣ በጥቂቱ ይጨምሩ። ሃልስኮፕ በሚባለው የሶፍትዌሩ መመልከቻ የመከተል ስህተቱን፣ ማለትም በታዘዘውና በተደረሰበት ቦታ መካከል ያለውን ልዩነት፣ እያዩ ነው ይህ ሁሉ የሚሠራው፤ በጆሮና በዓይን ብቻ አይሆንም። የስህተት ገደቡን መጀመሪያ 1 ሚሊሜትር ያድርጉ፤ ሁሉም ሲስተካከል ወደ 0.1 ያውርዱት። ገደቡ ጠባብ ሲሆን አንድ ነገር ሲያዝ ማሽኑ ቶሎ ይቆማል፣ ቶሎ መቆሙ ደግሞ ስክሩውን ያድናል።

ቤቱን መፈለግና የሚሰወሩ ስህተቶች

ማሽኑ ሲነሳ የት እንዳለ አያውቅም። ወደ መነሻ ቁልፉ (በኢመርጀንሲ ሰንሰለቱ ውስጥ ካሉት ሊሚቶች የተለየ ነው) ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ከዚያ በኢንኮደሩ የዜድ ምልክት ላይ ዜሮውን ይይዛል፤ ቤቱን መፈለግ የሚባለው ይህ ነው። ቁልፉ ሻካራ ነው፣ የዜድ ምልክቱ ግን እስከ አንድ ቁጥር ድረስ አይሳሳትም። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ የዜድ ምልክቱ ቁልፉ ከሚለቅበት ቦታ ጋር ከተቀራረበ፣ ቁልፉ ዛሬ ትንሽ ቀድሞ ነገ ትንሽ ዘግይቶ ሲለቅ፣ ዜሮው አንዳንድ ቀን በአንድ የሞተር ዙር ይዘላል። በምሳሌያችን ማሽን ይህ በትክክል 2.5 ሚሊሜትር ነው። የሥራ ዜሮዎ አልፎ አልፎ በዚህ መጠን ከሳተ ሌላ ምክንያት አይፈልጉ፤ ቺንጋውን አላልተው ሞተሩን ግማሽ ዙር አዙረው መልሰው ይግጠሙት።

በቀስታ የሚንሸራተት ስህተት ግን ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። ኢንዲኬተር ያስደግፉ፣ ጠረጴዛውን 100 ጊዜ 200 ሚሊሜትር እየወሰደ እንዲመልስ ያድርጉ፣ ከዚያ መርፌውን ይዩ። ከዜሮ ከሸሸ ማሽኑ ቤቱን እንደገና እንዲፈልግ ያድርጉ። ቤቱን ካገኘ በኋላ መርፌው ወደ ዜሮ ከተመለሰ የጠፋው ቁጥር ነው፤ ረብሻ አለ፣ ወይ የኢንኮደሩ ገመድ ወይ መሬቱ ይታይ። ቤቱን ካገኘም በኋላ መርፌው ዜሮ ካልሆነ ኢንኮደሩ ንጹሕ ነው፣ የተንሸራተተው ብረት ነው፦ የቺንጋው ጎማ፣ የመገጣጠሚያው ቡሎን ወይም ቁልፉ። ይህ አንድ ፈተና በሽቦ ፍለጋ የሚጠፋ ብዙ ቀን ያተርፋል።

የመከተል ስህተት ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ የሚያቆም ከሆነ ጥፋቱ መካኒካል ነው፤ እዚያ ላይ ሽብልቁ ይነክሳል ወይም ዘይት አይደርስም። በየትኛውም ቦታ፣ በተለይ ስፒንድሉ ሲነሳ ከሆነ ረብሻ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ብቻ ከሆነ ድራይቩ ቮልት አጥሮታል ወይም የመጨረሻው ፍጥነት ከ10 ቮልቱ አቅም በላይ ተጽፏል፤ ከሚደርስበት ከ80 እስከ 85 በመቶ ብቻ ይጻፉ።

የመጨረሻው ፈተና በአሉሚኒየም ላይ 80 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ መቁረጥ ነው። አቅጣጫው በሚገለበጥባቸው አራት ቦታዎች ላይ ጭረት ከታየ ልቅነቱ ነው። ሶፍትዌሩ የልቅነት ማካካሻ አለው፤ ለ0.02 ወይም 0.03 ሚሊሜትር ይሠራል። ለ0.1 ግን አይሠራም፤ ምክንያቱም መቁረጫው ራሱ ሥራውን ወደ አቅጣጫው በሚስብበት ጊዜ ጠረጴዛው በልቅነቱ ውስጥ ይዘላል፣ ይህን ደግሞ በሞተሩ ጀርባ ያለ ኢንኮደር አያየውም። ክቡ እንቁላል ቅርጽ ከያዘና ጭረት ከሌለው ግን የሁለቱ አቅጣጫ ፒ እና ኤፍኤፍ1 አይመጣጠኑም፤ ወደ ሃልስኮፑ ተመልሰው የኤክስና የዋይ የመከተል ስህተት በተመሳሳይ ፍጥነት እኩል እስኪሆን ያስተካክሏቸው።